ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ከገባ በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

ረቂቅ ሕግ ሳነብና ሳርም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ጥያቄ አይጠፋም። ከመጡልኝ ጥቂቱን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ንባብ፣ ሁለተኛ ንባብ ሲባል እውነት ያነቡታል?

ድሮ ያነቡት ነበር። የታተመ ቅጂ ለሁሉም በማይዳረስበት ዘመን ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያሰማቸው ነበር። ዛሬ ስሙ ነው የቀረው። አንደኛው በብዙ አገር ርዕሱን ጠርቶ ማለፍ ነው። «ይህ ሕግ ያስፈልጋል ወይ?» ብለው የሚከራከሩት ሁለተኛው ላይ ነው። ከዚያ ኮሚቴ፣ በመጨረሻም ሦስተኛ ንባብና ድምፅ።

መንግሥት አብላጫ ወንበር ካለው ክርክሩ ለይስሙላ አይደለም?

ጥርጣሬህ መሠረት አለው። መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ ያለው ወገን ስለሆነ የሱ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ግን ሁሌ አይደለም። በ1986 የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሱቆች እሁድ እንዲከፈቱ የሚፈቅድ ረቂቅ አቀረበ። ወንበር ሞልቶት ሳለ የገዛ ፓርቲው አባላት አፈነገጡና ሁለተኛው ንባብ ላይ በ14 ድምፅ ልዩነት ወደቀ።

ታዲያ ሕጉ የሚለወጠው የት ነው?

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ኮሚቴ ውስጥ ነው። «ሚኒስቴሩ ለተጎጂዎች ካሳ ሊከፍል ይችላል» የሚል አንቀጽ አለ እንበል። አንዷ አባል «‹ሊከፍል ይችላል› ይውጣና ‹ይከፍላል› ይግባ» ትላለች። የአንድ ግስ ጉዳይ ነው፤ ግን በፊተኛው ካሳው የሚኒስቴሩ በጎ ፈቃድ ነው፣ በኋለኛው ተጎጂው ፍርድ ቤት ሄዶ የሚጠይቀው መብት። ወዲያው «በጀቱ ከየት ይምጣ?» የሚል ይነሳል። በእንዲህ ዓይነቷ ግስ ግማሽ ቀን ሲያልቅ አይቻለሁ። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ግን እጅ ሲወጣ ብቻ ነው።

ሁለቱ ምክር ቤቶች ካልተስማሙስ?

እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ ከ1911 ጀምሮ የላይኛው ምክር ቤት የገንዘብ ረቂቅን፣ ማለትም የግብርና የመንግሥት ወጪ ረቂቅን፣ ከአንድ ወር በላይ ማዘግየት አይችልም። ህንድ ሁለቱን አንድ ላይ ሰብስባ ድምፅ ማሰጠት ትችላለች፤ ለገንዘብ ረቂቅ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ንጉሡ ወይም ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ቢሉስ?

በእንግሊዝ ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ ያለችው ንግሥት አን ናት፣ በ1708። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩን ቁርጥ አድርጎታል፦ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማ ይጸናል።

ከተፈረመ በማግሥቱ ይሠራል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች እዩ፤ የሚጸናበት ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። አንዳንዱ ቀኑን ለመንግሥት ይተወዋል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1928 የፋሲካን ቀን ሚያዝያ ወር ላይ የሚያጸና ሕግ አወጣ። አልፏል፣ ተፈርሟል፣ ታትሟል። ሥራ ላይ ይዋል የሚል ትእዛዝ ግን እስከ ዛሬ አልወጣለትም።