ኦሪጅናል፣ ታይዋን ወይስ ሌላ? ስለ ሞተር መለዋወጫ ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሬክቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች በማሽን በሚታደሱበት) ሲሊንደር ሳሰፋና ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ስልግ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆየሁ፣ ስለ ሞተር መለዋወጫ የምትጠይቁኝን ዛሬ ማታ እንደ ዕውቀቴ እመልሳለሁ። የሞተሩን ዓይነት፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትርና የታየውን ምልክት አብራችሁ ጻፉ፤ ያለ እነዚህ የሚቀርብ ጥያቄ መልሱ አጭር ይሆናል። ደጋግሜ የምናገረውን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ሳይለካ አይገዛም።

ባለ ቪትዝ፦ መኪናዬ 2ኤንዜድ ሞተር ያላት ቪትዝ ስትሆን 210,000 ኪ.ሜ. ተጉዛለች። የዘይት ፊልትሮና ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ልገዛ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብሄድ፣ በሦስት ሱቆች ሦስት ዋጋ ተጠራብኝ፤ ሦስቱም «ኦሪጅናል ነው» አሉኝ። ማንን ልመን?

መምህር፦ ሻጩን ሳይሆን ዕቃውን ይመኑ። በመጀመሪያ ግን «ኦሪጅናል» የምንለው ቃል ራሱ መጣራት አለበት፤ ሶማሌ ተራ ውስጥ ይህ ቃል «ደህና ዕቃ ነው» ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም። ቶዮታ ካንዴላ አይሠራም፤ ዴንሶ ወይም ኤንጂኬ ሠርተው ያቀርቡለታል፣ እርሱም በራሱ ሳጥን ከትቶ ይሸጠዋል። ዴንሶ እስከ 1949 እ.ኤ.አ. ድረስ የቶዮታ ክፍል የነበረና በዚያ ዓመት ራሱን ችሎ የወጣ ድርጅት ነው። ስለዚህ በዴንሶ ሳጥን ያለውን ትክክለኛ ቁጥር ካገኙ፣ ለቶዮታ ሳጥን ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይጠበቅብዎትም። የሚያስፈራው በሁለቱም ስም የሚታተመው ፎርጅድ ነው።

በቶዮታ ቁጥር አሰጣጥ የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 90915 የዘይት ፊልትሮ ነው፣ 90919 ካንዴላና ኮይል፣ 13011 የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት)፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ)። ይህን ማወቅ ቢያንስ ሻጩ የሌላ ዕቃ ሳጥን ሲያቀብልዎት ያስነቃዎታል። ፎርጅድን ግን በቁጥር ብቻ አይለዩትም፤ ቁጥር ማተም ቀላል ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ጠዋት ሲያስነሳ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ እንደሚንኳኳ ነግሮኝ ፊልትሮውን ፈትቼ በመጋዝ ቆረጥሁት፤ ከጎኑም አንድ ትክክለኛ ፊልትሮ ቆረጥሁ። በትክክለኛው ውስጥ የወረቀቱ እጥፋት ዙሪያውን እኩል ተዘርግቶ በሙጫ ተይዟል፣ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ጎማም በጣት ሲነካ ይለመጣል። በሌላው ግን እጥፋቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ በሌላው በኩል ጣቴ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረው፣ ጎማውም እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ዘይቱ ሌሊቱን ወደ ታች ስለሚወርድ ሞተሩ በየጠዋቱ ደረቅ ይነሳ ነበር ማለት ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መንታ ናቸው። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ ከአዲሱ ጋር በእጅዎ ይመዝኑ፣ ጎማውን በጣትዎ ይጫኑ።

ሰላም ለሀገሬ፦ መምህር፣ ለሞተር ጥሩ ዕቃ የቱ ነው?

መምህር፦ የትኛው ሞተር? የትኛው ዕቃ?

የሚኒባስ ሾፌር፦ 5ኤል ሞተር አለኝ። የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። ኦሪጅናሉ ስለተወደደ የገበያውን ባስገባ ምን ይመጣል?

መምህር፦ እዚህ ላይ አይቆጥቡ። 5ኤል ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ በቺንጋው ያተረፉት ገንዘብ ለቴስታታ ሥራው መጀመሪያ እንኳ አይበቃም። የሚቀየረው በ100,000 ኪ.ሜ. ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የቺንጋ መብራት የተሠራውም ለዚሁ ነው። የግድ የቶዮታ ሳጥን ይሁን አልልም፤ ባንዶ ወይም ሚትሱቦሺ ከታመነ ሰው ካገኙ ይግዙ። ነገር ግን ወጣሪውን ኩሽኔታና የፊቱን የዘይት ማቆሚያ ጎማዎች አብረው ይቀይሩ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ጃፓን ሠራው ቻይና ዕድሜ የለውም። ሻጩ ቺንጋውን አጥፎ በላስቲክ ጠፍሮ ካስቀመጠው ጥለው ይውጡ።

የመርካቶ ልጅ፦ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ልጨምር፤ በአጠቃላይ የታይዋን ዕቃ ከቻይናው እንደሚሻል ሁሉም ያውቃል።

ባለ ሲኖ፦ ሁሉም አያውቅም። እኔ የምነዳው የቻይና ከባድ መኪና ሲሆን፣ ሞተሩ ከነዕቃው እዚያው ተሠርቶ ጅቡቲን እየተመላለሰ ነው። የሀገር ስም ጠርቶ መፍረድ የደላላ ንግግር ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ ደላላ አይደለሁም፤ ነጋዴ ነኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ሲለቀቅ፣ ሰው ያለውን መኪና አጥብቆ መያዝ ጀመረ። ኦሪጅናል አምጥተን የምንሸጠው ለማን ነው?

መምህር፦ ሁለታችሁም የየድርሻችሁ እውነት አላችሁ፤ ክርክሩን ግን እዚህ ላይ ብታቆሙት ደስ ይለኛል። ታይዋን ውስጥም ቆሻሻ ይሠራል፣ ቻይና ውስጥም ለታላላቅ ድርጅቶች የሚሠራ ፋብሪካ አለ። የሠሪው ስም ሳጥኑ ላይ የሌለ ዕቃ ከየትም ይምጣ አልገዛውም።

የተቸገረ፦ የኮሮላዬ የቴስታታ ጓርኒሲዮን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። ሁለቱ የገበያ ነበሩ፤ ሦስተኛውን በውድ ዋጋ ከወኪሉ ገዛሁ። እርሱም አራት ወር አልቆየም። ኦሪጅናሉም እንዲህ ከሆነ ምን ልግዛ?

መምህር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የሚገዙት ጓርኒሲዮን ሳይሆን የራዲያተር ክዳን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተርዎ ግን ከዚያ በላይ ሞቆ እንዲሠራ የተነደፈ ነው፤ 82 ተብሎ የተጻፈበት ቴርሞስታት (ውኃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው) በ82 መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ሲደርስ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የታተመበት ክዳን ነው፤ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ከገጠሙ፣ ቴርሞስታቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ውኃው ቴስታታው ውስጥ መፍላት ይጀምራል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ውኃ ሙቀት አይወስድም፤ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ሰውየው ጓርኒሲዮኑን ይሰድባል፣ ክዳኑን አጥቦ መልሶ ይገጥማል። ጓርኒሲዮን ተቃጥሎባቸው የመጡልኝን መኪኖች ሁሉ ክዳናቸውን በግፊት መለኪያ እፈትሻለሁ፤ አብዛኞቹ ግፊት አይዙም።

ክዳኑን ከቀየሩ በኋላ ቴስታታው ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያ ይለካ። ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር በላይ የተጣመመ ከሆነ መላግ አለበት፤ ሳይላግ የሚገባ ጓርኒሲዮን ወርቅ ቢሆን አይቆይም። ብሎኖቹም በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ)፣ በቅደም ተከተልና በደረጃ ይጥበቁ። ሳይለካ አይገዛም።

የድሬ ልጅ፦ እኛ ቆላ ስለሆንን ቴርሞስታቱን ራሱን አውጥተን እንጥላለን። ሞተራችን አይሞቅም፤ ክዳንም ቴርሞስታትም መግዛት አላስፈለገንም።

ባለ ቪትዝ፦ የእኔም መካኒክ ይህንኑ መክሮኛል። ስሕተት ነው እንዴ?

መምህር፦ ስሕተት ነው። አሥር ጊዜ ብትጠይቁኝ አሥር ጊዜ ስሕተት ነው እላለሁ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱን ሳያገኝ ይሮጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ተፍቆ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር የሞቀው ውኃ በከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል፣ ሽቅብ ሲወጡም ይብሱን ይሞቃል። ከገዛችሁ በኋላ በብረት ድስት ውኃ አፍልታችሁ፣ በክር አንጠልጥላችሁ ሲከፈት ተመልከቱ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ክፍት ድስት ከ92 ስለማያልፍ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ ዕቃውን አትጣሉ።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ ያለችኝ የ2001 ኮሮላ 1ዜድዜድ ሞተር አላት። ዘይት ትበላለች። ኦሪጅናል ፋሻ ከቶዮታ ልግዛ?

መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ኦሪጅናሉ ራሱ ጥፋተኛ ነበርና። በቀደሙት 1ዜድዜድ ሞተሮች ፒስተን ላይ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ በቂ ስላልነበሩ ቶሎ በካርቦን ይደፈናሉ፣ የዘይት ፋሻውም ይጣበቃል። በኋላ ቶዮታ ፒስተኑን አሻሽሎታል። አሮጌውን ፒስተን ይዘው ፋሻ ብቻ ከቀየሩ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ የተሻሻለውን ፒስተን ከነፋሻው ይግዙ።

ከሻርጃ፦ ያገለገለ ሞተር ከዚህ ብልክ ያዋጣል?

መምህር፦ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሮቹ አምቀው የሚይዙት ግፊት) በፊትዎ ካልተለካ አያዋጣም።

ሰላም ለሀገሬ፦ ታዲያ ለሞተር ጥሩ ዕቃ የቱ ነው አልተባለም። ወደ ዘይት የሚጨመር መድኃኒትስ?

መምህር፦ የሞተሩን ዓይነት አሁንም አልጻፉም። መድኃኒት አልሸጥም፣ አልመክርምም።

ወጣት መካኒክ፦ ለ5ኤ ኮሮላ ኤንፒአር ፋሻ ገዝቻለሁ። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ይህ ዕቃ ኦሪጅናል ነው?

መምህር፦ ኤንፒአር ስመ ጥር የጃፓን ፋሻ ሠሪ ነው፤ ከአይሱዙው ኤንፒአር ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም። ነገር ግን ሲሊንደሩን ለክተሃል? አልለካህም መሰለኝ። የላይኛውን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባ፣ በፒስተን ጀርባ ገፍተህ አስተካክል፣ የጫፎቹንም ክፍተት በውፍረት መለኪያ ቅጠል ለካ። አንዴ ፋሻ ከማይደርስበት ከታች፣ አንዴ ከላይ ፋሻው ከሚመላለስበት ጫፍ። ሁለቱን ቁጥር ጻፍልኝ።

ወጣት መካኒክ፦ ለካሁ። ከታች 0.30፣ ከላይ 1.05 ሚሊ ሜትር።

መምህር፦ ልዩነቱ 0.75 ነው፤ ለ3.14 ስታካፍለው ሲሊንደሩ ከላይ በ0.24 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፍቷል ማለት ነው። ለዚህ ሞተር ይህ ከልክ በላይ ነው፤ ማንም የሠራው ስታንዳርድ (በመጀመሪያው ልክ የተሠራ) ፋሻ አይዘጋውም። ብሎኩ ይውረድና ይስፋ፤ ከዚያ በኋላ የምትገዛው 0.50 (በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚተልቅ) ፒስተንና የ0.50 ፋሻ ነው። የገዛኸውን በደንብ አጽዳና ወደ ሳጥኑ መልስ፣ ሻጩ ይቀበልህ እንደሆነ ነገ ጠዋት ሱቁ ሳይሞላ ሂድ።