የሐይቁ ብርድ ነው ያሉሽን አትመኚ

እህቴ፣ «መስከረም በገባ ቁጥር አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ግንባሬ ይከብደኛል፣ ሁሉም የጣና ብርድ ነው ይለኛል፣ ምን ይሻለኛል?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ሳቄ መጣ። የኔው ታሪክ ነው። ባሕር ዳር ከመጣሁ ጀምሮ አራት መስከረም አንገቴ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ ብርዱን ስረግም ኖሬአለሁ። አሞክሳሲሊንም ሦስት ጊዜ ውጬ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። በኋላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ለካ አለርጂ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያ እንጂ አለርጂ አያክምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይነስ የምንለው ግንባርና ጉንጭ ውስጥ ያለ አየር የያዘ ክፍተት ነው። ወደ አፍንጫ የሚፈሰው በጠባብ ቀዳዳ ነው። ብናኝ ሲገባ የአፍንጫችን ሽፋን ያብጥና ቀዳዳዋ ትደፈናለች፣ ንፍጡም መውጫ ያጣል። ጎንበስ ስትይ ግንባርሽ ሊፈነዳ የሚደርሰው ለዚህ ነው። በተከታታይ ካስነጠሰሽ፣ ዓይንሽን ካሳከከሽና ንፍጡ እንደ ውሃ ከሆነ አለርጂን ጠርጥሪ። አደይ አበባን ግን አትውቀሺ፣ የሷን ብናኝ የሚያዞረው ነፍሳት ነው፤ በነፋስ የሚበነው የሳሩ ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሻጋታም አለ።

እኔን በጣም የጠቀመኝ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ነው። አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽው አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪ። ጥሬ ውሃ በጭራሽ፣ የቧንቧም ቢሆን። መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅ ከፋርማሲ ግዢ። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለሽ፣ ራስሽን ወደ ጎን አዘንብለሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ቀስ እያልሽ በላይኛው ቀዳዳ ግፊው፣ በሌላው ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ቀን ቀና ብዬ ሞክሬ ውሃው ጉሮሮዬ ገብቶ ልታነቅ ነበር።

ሐኪሙ የአፍንጫ ስፕሬይም አዞልኛል። ሰው ሁለት ቀን ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። በደንብ እስኪይዝ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ በየቀኑ ነው የሚደረገው። በቀኝ እጅሽ ግራውን፣ በግራሽ ቀኙን ንፊ፤ ያኔ መሐሉን ግድግዳ አይመታም። ወዲያው የሚከፍቱትን ጠብታዎች ግን ከአምስት ቀን በላይ አትጠቀሚ፣ ስታቆሚ ብሶ ይዘጋል። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ማሳከኩን ያስታግሳል፣ አንዳንዱን ግን ያስተኛል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን? ለጊዜው ቀለል ያደርጋል እንጂ አያድንም። እኔ የፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጉልበቴን ተቃጥያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ይቅርብኝ ብያለሁ። የቡናው ዕጣንና የከሰሉ ጭስም ያስነሳብኛል። እናቴን ዕጣን ይቅር ማለት አይታሰብም፣ ስለዚህ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው።

ዓይንሽ ዙሪያ ካበጠ፣ እይታሽ ከተዛባ፣ ከባድ ትኩሳት ወይም የአንገት መገተር ከመጣ ግን ይህን ሁሉ ተይና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የሚብስብሽ ጠዋት ስትነሺ ነው ወይስ ከሥራ ስትመለሺ? ጠዋት ከሆነ ትራስሽን መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ አንዴ መታ አድርጊውና የሚበነውን አቧራ እዪ። የኔው ስድስት ዓመቱ ነበር።