በእቁብ ገንዘብ የቢትኮይን ማሽን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምጥለው እቁብ በዚህ ወር ወጥቶልኛል። አንድ የማውቀው ሰው ያገለገለ አንትማይነር ኤስ9 የሚባል የቢትኮይን (በኢንተርኔት ላይ ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ማውጫ ማሽን በቅናሽ ልሽጥልህ ብሎኛል። «ሶኬት ላይ ሰክተህ ትተኛለህ፤ ስትነሳ ገንዘብ ሆኖ ይጠብቅሃል» ይላል። መብራት በኪራዩ ውስጥ ስለሚታሰብ እኔ ወጪ የለብኝም። ግን ቀድሞ በተራ ኮምፒውተር ይወጣ ነበር ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ አሁን ይህ ማሽን ለምን አስፈለገ? ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግዛው። መልሱን ከፊት ያስቀመጥኩት ሻጩ ዛሬ ማታ እንዳይደውልልህ ሰግቼ ነው። ምክንያቱን ረጋ ብለን እንየው።

ይህን ማሽን ከፍቼ አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የዚሁ ዓይነቱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ቱሉ ዲምቱ ወዳለው የጥገና ሱቄ ይዞ መጣ። ውስጡ ሦስት ሰሌዳዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ 63፣ በድምሩ 189 ቺፖች ተደርድረዋል። በአሉሚኒየም ክንፎቹ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት በአካባቢያችን አቧራ ተሞልቶ፣ አቧራውም ከእርጥበት ጋር ደርቆ ልክ እንደ ምርጊት ሆኗል። በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቄ ለማጽዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ቺፖቹ መልእክት የሚቀባበሉት አንዱ ለቀጣዩ እያቀበለ ነው፤ ስለዚህ መካከል ላይ አንዱ በሙቀት ሲቃጠል ከእርሱ ወዲያ ያሉት ደህና ሆነው ሳሉ ሰሌዳው በሙሉ ዝም ይላል። በቴስተር አንድ በአንድ ለክቼ የሞተውን አገኘሁትና ከሌላ የተጣለ ሰሌዳ ነቅዬ ተካሁለት። (አየራችን ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሽኑ አይግልም የሚሉ አሉ። ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ስለሆነ ማራገቢያው የበለጠ መልፋት አለበት።)

ሥራዬን ስጨርስ ልጁ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «በቢትኮይን የማያዋጣ ከሆነ ለሌላ ነገር አይሆንም?» አይሆንም። ደብዳቤ አይጻፍበትም፤ ፊልም አይታይበትም፤ ሒሳብ አይሠራበትም። 189ኙ ቺፖች ሻ-256 ከሚባለው ስሌት ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። ኤሲክ የሚባለው ይህ ነው፤ ለአንድ ሥራ ብቻ ተሠርቶ በዚያ ሥራ ከማንም የሚፈጥን፣ ከዚያ ውጭ ግን ምንም የማይሠራ ዕቃ።

ስለ ድሮው የሰማኸው እውነት ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቀው ፈጣሪ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ቢትኮይንን ሲያስጀምር በተራ ኮምፒውተር ነበር የሚወጣው፤ ሐሳቡም አንድ ፕሮሰሰር አንድ ድምፅ ይኑረው የሚል ነበር። በ2010 ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚያቀናብር ሰሌዳ) ያላቸው ቀደሙ። በ2013 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ ኤሲኮች ከቻይና ወጡ፤ ከዚያ በኋላ በቤት ኮምፒውተር ቢትኮይን ማውጣት አበቃ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ ሲፈጥን የሚወጣው ቢትኮይን የሚበዛ ይመስለዋል። አይበዛም። ማሽኖቹ የሚሠሩት ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ቀድሞ የገመተ ሽልማቱን ይወስዳል። ማሽኖቹ ሁሉ የተያያዙበት የቢትኮይን መረብ ግምቱ በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ ጊዜ እንዲሳካ በየ2016 ብሎኩ (አንድ የተሳካ ግምት አንድ ብሎክ ያስገኛል)፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ የፈተናውን ክብደት ያስተካክላል። ሁሉም ፈጣን ማሽን ሲገዛ ፈተናው ይከብዳል እንጂ ድርሻው አያድግም። ሽልማቱማ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከነበረው 50 ቢትኮይን ተነስቶ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. 3.125 ላይ ደርሷል። አንተ የምታውቀው እቁብ 20 ሰው ካለበት ቢዘገይ በ20ኛው ወር ዕጣህ መውጣቱ የተረጋገጠ ነው። እዚህ ግን አንዱ ሚሊዮን ስም አስገብቶ አንተ በአንድ ስም የገባህበት፣ ዕጣ የወጣለትም ስሙ ከማሰሮው የማይነሣበት እቁብ አስብ።

አሁን እስክሪብቶ አንሣ። ኤስ9 እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ጉድ የተባለለት ማሽን ነበር፤ በሰከንድ 13.5 ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የመረቡ ጠቅላላ ጉልበት አንድ ሺህ ኤክሳሃሽ አካባቢ ደርሶ ነበር (አንድ ኤክሳሃሽ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ትሪሊዮን ግምት ነው)፤ ይህ ከ70 ሚሊዮን በላይ ኤስ9 አንድ ላይ ሆነው እንደሚገምቱት ነው። ብቻህን ብትሞክር ዕጣው በአማካይ በ1,400 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርስሃል። ፑል በሚባለው ማኅበር ገብተህ በድርሻህ ብትካፈል ደግሞ በወር 0.00018 ቢትኮይን ገደማ ታገኛለህ። አንዱ ቢትኮይን 100,000 ዶላር ነው ብንል እንኳ 18 ዶላር ነው።

ወጪውስ? ማሽኑ 1,350 ዋት ገደማ ይጎትታል። በቀን 32 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 970 አካባቢ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. እንደተዘገበው በአገራችን የሚሠሩት ትልልቆቹ የማይኒንግ (ቢትኮይን የማውጣት ሥራ) ኩባንያዎች ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍሉ ነበር። በእነርሱ ዋጋ ብታሰላው እንኳ የኤስ9 የወር መብራት 30 ዶላር ይመጣል። በ18 ዶላር ገቢ 30 ዶላር ወጪ! ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤስ21 ግን 3,500 ዋት እየበላ በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ጊዜ ይገምታል፤ በዚያው ስሌት 270 ዶላር አስገብቶ 79 ዶላር ይከፍላል። ኤስ9 በቅናሽ አንተ ዘንድ የደረሰው ለዚህ ነው። ብልሽት የለበት ይሆናል፤ ዕድሜውን ግን ሌሎች ጨርሰውታል።

«እኔ ወጪ የለብኝም» ላልከው በግልጽ ልናገር። ወጪው የአከራይህ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ማሽን የበለጠ ይጎትታል፤ ግን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ተጋግሮበት ይጠፋል። ይህ ሌሊቱንም አይጠፋም። የቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ስለሚጨምር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለው ፍጆታ በመጨረሻው፣ በውዱ እርከን ይታሰባል። ሳትነግራቸው ብትሰካው ከሰው ኪስ መውሰድ ነው፤ ብትነግራቸው ደግሞ ማንም አከራይ አይፈቅድልህም። ጩኸቱም አይደበቅም፤ 75 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ በስስ የብሎኬት ግድግዳ ጎረቤትህ ሕፃን ማስተኛት አይችልም።

ይህን ሁሉ የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን አንድ ዓይነት ዲጂታል ሳንቲም ብቻ የሚያወጣ ማሽን ከውጭ አስመጣን። ስናዝዝ የቀን ገቢውን በልጄ ደብተር ላይ አስልቼ ነበር፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ማሽኑ በመንገድ ላይ ወራት ፈጀ። በእነዚያ ወራት እንደ እርሱ ያሉ ሺዎች በየዓለሙ ተሰክተው ፈተናው ከብዶ ጠበቀን። ስናበራው ገቢው ወረቀቱ ላይ ካለው አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር። ባለቤቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ስትጠይቀኝ የሰጠኋት መልስ አልነበረም። በዓመቱ ማሽኑን ቆራሌው በአሉሚኒየሙ ክብደት ወሰደው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባሉ ዲጂታል ገንዘቦች) መገበያየት በአገራችን እንዳልተፈቀደ አስጠንቅቋል። ትልልቆቹ የሚሠሩት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር በገቡት ውል፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ሆነው ነው። በኮንዶሚኒየም ሶኬት ከእነርሱ ጋር አትወዳደርም።

ጥያቄ፦ እኔ ሰበታ የምማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኤሲክ እንዳይሠራባቸው የሚከላከሉ ሳንቲሞች አሉ ይባላል። እንዴት ያደርጉታል? ትንሹን ሰውስ ያድኑታል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ስሌቱ ብዙ ሜሞሪ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ላይትኮይን የተባለው ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ይህን አስቦ ነበር፤ በ2014 ግን ለእርሱም ኤሲክ ተሠራለት። ሁለተኛው ደንቡን መቀየር ነው። በማርች 2018 ሞኔሮ የተባለውን ሳንቲም የሚያወጣ ኤሲክ ለገበያ ሲቀርብ የሞኔሮ ሰዎች በሚቀጥለው ወር ስሌቱን ቀየሩት፤ ማሽኑም በአንድ ቀን ለእነርሱ ሳንቲም የማይጠቅም ሆነ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ ራንደምኤክስ ወደሚባለው ተሻገሩ። ይህ በየጊዜው በዘፈቀደ የሚፈጠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል፤ ለዚያ የተለየ ቺፕ ልሥራ የሚል ሰው መልሶ ተራ ፕሮሰሰር ለመሥራት ይገደዳል። ብልሃቱን በጣም እወደዋለሁ።

ትንሹን ሰው ያድነዋል ወይ ላልከው ግን በከፊል ነው። በሩ ክፍት ይሆንለታል፤ አንድ ላፕቶፕ የሚያስገባው ገንዘብ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ሺህ ሰርቨር ያለው አሁንም ይበልጠዋል። የኤሲክ ደጋፊዎች የሚያነሡትንም መስማት ይገባል። ለአንድ ሥራ ብቻ የሚሆን ማሽን የገዛ ሰው ያንን ሳንቲም ቢያጠፋ የራሱን ንብረት ያጠፋል፤ ስለዚህ ይጠብቀዋል ይላሉ። እውነት አለው፤ ኢቴሪየም ክላሲክ የተባለው በግራፊክስ ካርድ የሚወጣ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ2020 ደጋግሞ ጥቃት የደረሰበት ከመረቡ ግማሽ የሚበልጥ ጉልበት ተከራይቶ የተመዘገበ ክፍያ መሰረዝ ይቻል ስለነበረ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኤሲክ ጉልበቱን በጥቂቶች እጅ ይሰበስባል፤ በጁን 2014 አንድ የቢትኮይን ፑል ብቻውን የመረቡን ግማሽ ያህል ጉልበት ይዞ ብዙ ሰው አስደንግጧል። እኔ በሩ ክፍት ይሁን ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም ተማሪ በቤቱ ባለው ዕቃ መሞከርና መማር አለበት።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ፎቶ ቤት አለኝ። ለማይኒንግ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ለቪዲዮ ማቀነባበሪያ ብገዛው ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። የካርዱ ጥቅም ከኤሲክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ሳንቲም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ማይኒንግን ሲያቆም እንዲህ ያሉ ካርዶች በገፍ ወደ ገበያ ወጡ፤ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ ሌላ ሥራ እየሠሩ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን ሻጩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ግማሽ ሰዓት ከባድ ቪዲዮ ያስኬዱበት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ሰረዝ ከታየ ሜሞሪው ተጎድቷልና ይተዉት። ማራገቢያው ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ አያስጨንቅም፤ ይቀየራል። በቺፑ ላይ ያለው የሙቀት ቅባት ደርቆ ስለሚሆን እርሱን ማስለወጥ አይዘንጉ።