በሩን ሌላ ሰው ሲከፍት

ጥያቄሽን አየሁት፣ እህቴ። «ከሆሎኮስት የተረፉ ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚያሳዩ ጥሩ ፊልሞች የትኞቹ ናቸው? እውነቱንስ ያሳያሉ?» ነው ያልሽው። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሃይፋ ውስጥ ለአራት ዓመት አንዲት አዛውንት ስንከባከብ ኖሬያለሁ። እማማ እላቸው ነበር። የሃንጋሪ ሰው ናቸው፤ አውሽዊትዝ፣ የናዚዎቹ የሞት ካምፕ፣ ገብተው የወጡ። እዚህ እስራኤል በየዓመቱ የሾኣ (የሆሎኮስት) መታሰቢያ ቀን ቴሌቪዥኑ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ያሳያል። አብረን እናያለን። እሳቸው ብርቱካን ይልጣሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ።

አብዛኛው ፊልም የሚያልቀው የካምፑ በር ሲከፈት ነው። ወታደሮቹ ይገባሉ፣ ዳቦ ይታደላል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ አለቀ። እማማ እዚህ ጋ ሁሌም ይናደዳሉ። «እና ከዚያስ? ቤቷ ማን አደረሳት?» ይሉኛል።

እሳቸው የትውልድ ከተማቸው የደረሱት በ1945 በጋ ነው (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የ17 ዓመት ልጅ ነበሩ። የግቢውን በር ገፋ ሲያደርጉ የስፌት መኪና ድምፅ ሰሙ። የእናታቸው ሲንጀር ናት። ፔዳሏ ሲረገጥ ትንሽ ሲጥ ትላለች፣ ከሌላ መኪና ጋር አትምታታባቸውም። እናቴ አለች ብለው ሮጡ። ብቅ ያለችው ግን ጎረቤታቸው ናት፤ ሁለት ስፒል በከንፈሯ ይዛለች። እንኳን ደህና መጣሽ አላለችም። ስፒሎቹን አወጣችና «ተመለስሽ እንዴ?» አለች። በቃ፣ ይቺው ናት። እማማ ይህን ሲነግሩኝ የጎረቤቲቱን ድምፅ አስመስለው ነበር፤ ቁጣ የለበትም፣ ድንጋጤ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድን ፊልም የምለካው በዚህ ነው። በሩን የከፈተው ሰው ፊት ላይ ምን አለ?

ከሁሉም የማስቀድመው «1945» የተባለውን የሃንጋሪ ፊልም ነው። ፈረንጅ ቶሮክ በ2017 የሠራው፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። (ፈረንጅ የሰውየው ስም ነው፣ እንዳትስቂ።) በነሐሴ ወር ሙቀት ሁለት አይሁዶች፣ ሽማግሌና ልጃቸው፣ አንድ ትንሽ መንደር ባቡር ጣቢያ ይወርዳሉ። ሁለት ሣጥን ይዘዋል። ሣጥኖቹን ጋሪ ላይ ጭነው ከኋላ በእግራቸው ይከተላሉ። ሰዎቹ ምንም አይሉም ማለት ይቻላል። መንደሩ ግን ይታመሳል። የጣቢያው ኃላፊ ሹሙ ዘንድ በብስክሌት ይበራል። የሹሙ ልጅ የዚያን ዕለት ሊዳር ነው፤ የያዘው መድኃኒት ቤት ደግሞ የተወሰዱ የአይሁድ ቤተሰብ ንብረት ነበር። አንዱ ይጠጣል፣ አንዷ ምንጣፍና የብር ዕቃ ትደብቃለች። ሣጥኖቹ ውስጥ ምን እንዳለ አልነግርሽም።

እኔ መጨረሻው ላይ ስነፋረቅ እማማ ዝም አሉ። እሳቸው ከወንበራቸው ቀና ያሉት ሴትዮዋ ዕቃ ስትደብቅ ነው። «ይቺን አውቃታለሁ!» አሉ፣ እየሳቁ። በነገራችን ላይ ከሃንጋሪ፣ በተለይ ከክፍለ ሀገሩ፣ በ1944 ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ወደ 437,000 ገደማ አይሁዶች ናቸው በባቡር ተጭነው የተጋዙት። ሁለት ወር አይሞላም። ያ ሁሉ ሰው ሲሄድ ቤቱ፣ አልጋው፣ ድስቱ የት ይሄዳል? ፊልሙ የሚያየው እሱን ነው።

ሁለተኛው «ፊኒክስ» ነው፤ የጀርመን፣ ክርስቲያን ፔትዞልድ በ2014 የሠራው። ኔሊ የተባለች ዘፋኝ ፊቷ በጥይት ተበላሽቶ ከካምፕ ትመለሳለች። ሐኪሙ ሌላ መልክ ልስጥሽ ሲላት እሷ የራሴን ነው የምፈልገው ትላለች። በርሊን ፍርስራሽ ውስጥ ባሏን ታገኘዋለች፤ አያውቃትም። ሚስቴን ትመስያለሽ፣ እሷን ሆነሽ ተጫወቺና ውርሷን እንካፈል ይላታል። ቀይ ቀሚስና የፓሪስ ጫማ አድርገሽ ከባቡር ትወርጃለሽ ሲላት፣ ከካምፕ እንዲህ ሆኖ የሚመለስ ሰው የለም ትለዋለች። እሱ ግን ሰው የሚፈልገው የድሮዋን ኔሊ ነው ባይ ነው። ታሪኩ እውነት አይመስልም የሚሉ አሉ። ባል እንዴት ሚስቱን አያውቅም? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። እማማ ግን «ማወቅ ካልፈለገ አያውቅም» አሉና ብርቱካናቸውን ቀጠሉ።

«ፌትለስ»ም (2005) አለ፤ ሃንጋሪያዊው ደራሲ ኢምሬ ከርቴስ በራሱ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ስክሪፕቱን የጻፈው። አብዛኛው ካምፕ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ከልጁ ጋር ቡዳፔስት እስክትመለሺ መታገሥ አለብሽ። ልብ ወለዱ ውስጥ፣ የእስረኛ ልብሱን እንደለበሰ ትራም ሲሳፈር ትኬት ይጠየቃል። ቤቱ ሲደርስ የማያውቃት ሴት ትከፍትና መልሳ ትዘጋበታለች። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ፕሪሞ ሌቪ ከአውሽዊትዝ ወደ ቤቱ የተመለሰበትን መንገድ የሚያሳየው «ዘ ትሩስ» (1997) ግን እኔን ብዙም አልያዘኝም። ጆን ቱርቱሮ ጎበዝ ነው፤ ጣሊያኖቹ ሁሉ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ከታሪኩ ያስወጣኛል። ለነገሩ ሌቪ የትውልድ ከተማው ቱሪን ሲገባ ቤቱም ቤተሰቡም ነበሩ። ብዙዎቹ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

እውነቱን ያሳያሉ ወይ ላልሽው፣ ካየኋቸው አንዳቸውም እስከ መጨረሻው አይሄዱም። ፖላንድ ውስጥ ኪየልትሴ በምትባል ከተማ ሐምሌ 4 ቀን 1946፣ ጦርነቱ ካበቃ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ 42 አይሁዶች ተገደሉ። ከካምፕ የተረፉም ነበሩባቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ከፖላንድ ነቅሎ ወጣ። እማማም የትውልድ ከተማቸው ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ነው የቆዩት። ሲንጀሯን ጠይቀው ነበር ወይ ስላቸው፣ «ለማን ልስፋባት?» አሉኝ።

በ«1945» ጀምሪ። «ፊኒክስ»ን ስታዪ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪው፤ የመጨረሻዋ ዘፈን ላይ ዓይንሽን ከነቀልሽ የእጇ ነገር ያመልጥሻል።