ሊጡም ዶሮውም በአንድ ሳህን?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ጎጆ ወጥተናል። ማድቤታችን ጠባብ ነው። ለማቡኪያና ለማዘጋጃ የሚሆኑ ጎድጓዳ ሳህኖች ልገዛ ነው፤ ስንት ይበቃኛል? ከምን የተሠራስ ይሻላል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ እህቴ! ስድስት ሰባቱን አንድ ላይ የሚሸጡትን ለጊዜው እለፊያቸው። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ሦስት የስቴንለስ ስቲል ሳህኖች ይበቁሻል። ትልቁ 5 ሊትር አካባቢ የሚይዝ ይሁን፣ መካከለኛው 3፣ ትንሹ 1። ትልቁ ለዳቦ ሊጥ ነው፤ ሊጥ ኩፍ ሲል እጥፍ ስለሚሆን ካቦካሽው በኋላ የሳህኑ ግማሽ ባዶ መቅረት አለበት፣ አለዚያ ገንፍሎ ወለል ማጠብ ይመጣል። የእንጀራ ሊጥ ግን ክዳን ያለው የራሱ ባልዲ ይኑረው፤ ቀናት ስለሚቆይ ሳህንሽን ይይዝብሻል።

አልሙኒየም ቀላል ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ግን ዶሮ በሎሚና በጨው እንድትዘፈዝፊበት በፍጹም አልመክርሽም፤ ሎሚው አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ የምግቡም ጣዕም ይበላሻል። ፕላስቲክ ደግሞ በርበሬና ቅቤ ከነካው ቀለሙም ሽታውም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ምስር ለመልቀም ይሁንሽ።

ስትገዢ ታቹን እይው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ካልሆነ ስታቦኪ እየተሽከረከረ ያደክምሻል። የጠርዙ እጥፋትም ሊጥና ቆሻሻ የሚሰገሰግበት ክፍተት አይኑረው። እና እባክሽ፣ ጥሬ ዶሮ የነበረበትን ሳህን በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ሳታጥቢ ሰላጣ እንዳትሠሪበት።