ኦሪጅናል ነው ወይስ ቅጂ?

«ከድሮው መኪና ሻሲው (መሠረቱ የሆነው የብረት አካል) ብቻ ተርፎ ሌላው በአዲስ ከተሠራ መወዳደር ይችላል? ኦሪጅናልስ ይባላል?» ላልከው፦ በታሪካዊ መኪኖች ውድድር መወዳደሩስ ይችላል። ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ኤፍአይኤ፣ የሚሰጠው የታሪካዊ መኪና ቴክኒክ ፓስፖርት የሚያየው አሠራሩ መኪናው የነበረበትን የድሮ ዘመን ደንብ መከተሉን ነው፤ የኦሪጅናልነት ማስረጃ አይደለም።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ሲሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 የፈረንሳዩን የ24 ሰዓት ውድድር፣ ሌ ማንን፣ ያሸነፈችው ቤንትሌይ፣ «ኦልድ ነምበር ዋን»፣ በ1990 ለንደን ላይ ፍርድ ቤት ደርሳለች። ከ1929ኙ አካሏ የተረፈው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዳኛው ግን ታሪኳ ስላልተቋረጠ እውነተኛዋ ናት አሉ። እኔም እስማማለሁ፤ የውድድር መኪና ዕቃ ሳይቀየርለት የት ይደርሳል? የሞተ መኪና የሻሲ ቁጥር አዲስ ሻሲ ላይ መለጠፍ ግን ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው።

ልትገዛ ከሆነ የሻሲ ቁጥሩን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር አስተያይ። ቁጥሩ የተመታበትን ቦታም ቀረብ ብለህ እይ። ዙሪያው አዲስ ብየዳ ካለ በደንብ ጠይቅ።