ጠብታ መስኖ ብቻውን ውሃ አያተርፍም

ወንድሜ፣ «እ.ኤ.አ. በ2050 የዓለም ሕዝብ 9.7 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል ይባላል፤ ገበሬው ሁሉ ወደ ጠብታ መስኖ ቢገባ ውሃው አይበቃንም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ለዓመታት መስኖ ላይ እንደሠራ ሰው ስመልስልህ፣ ጠብታው (ውሃውን በቱቦ ወስዶ ከተክሉ ሥር የሚያንጠባጥበው መስኖ) ብቻውን አይበቃም።

የሰው ልጅ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚቀዳው ውሃ 70 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሻ ነው። ስለዚህ ቁጠባን ከማሳ መጀመርህ ልክ ነው። ጠብታ መስኖም ጥሩ ነገር ነው። በደንብ ከተያዘ 90 በመቶ የሚሆነው ውሃ ሥሩ ጋ ይደርሳል። በትልም ሲጠጣ ይህ አይታሰብም።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው፦ ገበሬው ቱቦውን ይዘረጋል፣ ውሃ ይተርፈዋል። የተረፈውን ግን ወንዙ ውስጥ አይተወውም። ወይ ማሳውን ያሰፋል፣ ወይ ውሃ የሚወድ ሰብል ይተክላል። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ግን ቀድሞ ከማሳው ሰርጎ ጉድጓድ ይሞላ ወይም ከታች ላለው ገበሬ ይደርስ የነበረው ውሃ አሁን በቅጠሉ በኩል ተንኖ ይሄዳል። ማሳው ቆጠበ፣ ተፋሰሱ ግን ከሰረ። ጠብታ የሚያዋጣው ገደብ አብሮት ሲኖር ነው። ጉድጓዱም ቦዩም ቆጣሪ ይኑረው፤ ከዚህ በላይ አይቀዳም ይባል።

ሌላው፣ ወሬው ሁሉ ስለ መስኖ ሆነ እንጂ ከሚታረሰው መሬት 80 በመቶ ያህሉ ዝናብ ጠባቂ ነው። ትልቁ ዕድል እዚያ ያለ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ሰብል የሚበላሸው የዓመቱ ዝናብ አንሶ ሳይሆን በሰዓቱ ስላልዘነበ ነው። አበባ ሲያወጣና ፍሬ ሲይዝ ከጠማው አለቀ፤ በኋላ ብታጥለቀልቀው አይመለስም። ያኔ ከትንሽ ኩሬ አንድ ሁለቴ ማጠጣት ምርቱን ሊያተርፍ ይችላል። አፈሩን በገለባ መሸፈንም ትነት ይቀንሳል። ርካሽ ነው፣ እንደ ቱቦም አይደፈንም። (ማጣሪያ ማጠብ የሰለቸው ይገባዋል።)

ሩዝ ከሆነ የምታመርተው፣ ማሳውን ሁሌ ውሃ ሞልተህ አታቆየው። ቀዳዳ ያለው ቱቦ አፈሩ ውስጥ ቅበርና በቱቦው ውስጥ የሚታይህ ውሃ ከአፈሩ ገጽ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ሲወርድ መልሰህ አጠጣ። ምርት ሳይቀንስ እስከ 30 በመቶ ውሃ ይተርፋል። በአበባ ሰሞን ግን እንዳትሞክረው፤ ያኔ ውሃው ከማሳው አይጥፋ።